ያለ ደላላ ወደ ኢምሬትስ፦ ለእንግሊዝኛ መምህራን የሥራ ቪዛ ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝኛ በዲግሪ ተምራችሁ፣ ጥቂት ዓመት አስተምራችሁ፣ አሁን ዱባይ ወይም አቡዳቢ ሄዳችሁ በዚያው ሙያ መሥራት ታስባላችሁ? ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። በኢምሬትስ አሠራር ለተቀጣሪ የሚሰጠውን የሥራ ቪዛ የሚያወጣው ቀጣሪው ነው። እናንተ በስማችሁ አታመለክቱም። ደላላውም አያመለክትም። ትምህርት ቤቱ ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይከፍላል፣ ከዚያ በፒዲኤፍ ይልክላችኋል። «ቪዛ አለኝ፣ ብር አምጣ» የሚላችሁ ሰው በእጁ የሌለውን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። የእናንተ ድርሻ ሁለት ነው፦ ወረቀታችሁን ማስጨረስ፣ የመጣላችሁንም በደንብ መመርመር።

ሕጉ ምን ይላል?

ሁለት አገር፣ ሁለት ሕግ። ሁለቱም ከእናንተ ጎን ናቸው።

በኢምሬትስ በኩል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አለ (ቁጥር 33/2021)። ቀጣሪ የቅጥርና የምልመላ ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በሠራተኛው ላይ እንዳይጭን ይከለክላል። ስለዚህ «የቪዛውን ግማሽ አንተ ቻል» ወይም «በኋላ ከደመወዝህ እንቆርጣለን» የሚል ትምህርት ቤት ገና ከጅምሩ ሕግ እየጣሰ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ብትተዉት ይሻላል።

በእኛ በኩል ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ብዙ ሰው «በኤጀንሲ ካልሆነ መሄድ ክልክል ነው» ብሎ የሚያወራው ከዚህ አዋጅ ተነስቶ ነው። እውነት ነው፣ መነሻ ደንቡ ቅጥር በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በኤጀንሲ በኩል ይሁን ይላል። ግን ለቀጥታ ቅጥር በር ከፍቷል። ሥራውን ራሳችሁ ካገኛችሁትና ሥራው የቤት ሠራተኝነት ካልሆነ ሚኒስቴሩ ሊፈቅድላችሁ ይችላል። መምህር እዚህ ውስጥ ይገባል። አዋጁ ወጪውንም ከፋፍሎታል። ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት ሰርተፍኬትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ በእናንተ።

ማን ይቀጥራል?

እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ይሻላል። የብሪታንያና የአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ መምህር ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት የእንግሊዝን፣ የአየርላንድን፣ የአሜሪካንና የደቡብ አፍሪካን ሰው ነው። አትሞክሩ አልልም። ግን ጊዜያችሁን በሙሉ እዚያ ላይ አታጥፉ። የሕንድና የፓኪስታን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች፣ መዋዕለ ሕፃናትና የቋንቋ ማሠልጠኛዎች በራቸው ሰፋ ይላል። በእነዚህ ቦታዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ብዙ መምህራን ይሠራሉ።

ሲቪያችሁን ከፍ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የማስተማር ብቃት ማስረጃ ነው። ዲግሪያችሁ በኢዱኬሽን ካልሆነ ፒጂዲቲ ካላችሁ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉት፤ በዲግሪ ላይ የተጨመረ የመምህርነት ሥልጠና መሆኑን በአንድ መስመር አስረዱ፣ ምክንያቱም ስሙን እዚያ የሚያውቀው የለም። ሁለተኛው የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ውጤት ነው። አዲስ አበባ ላይ በብሪቲሽ ካውንስል መፈተን ይቻላል፣ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያሳለፋችሁት ዓመት ነው። የ120 ሰዓት የቴፍል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የማስተማር) ኮርስ ለማሠልጠኛ ተቋማት ይጠቅማል፤ ለመደበኛ ትምህርት ቤት ግን የዲግሪን ቦታ አይተካም።

ወቅቱንም እወቁ። አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚከፈተው በኦገስት መጨረሻ ነው። የሕንድና የፓኪስታን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ደግሞ በኤፕሪል ይጀምራሉ። ስለዚህ ማመልከቻ የሚበረታው ከገና በኋላ ባሉት ወራት ነው። በግንቦት ወረቀት መሰብሰብ የጀመረ ሰው ለዚያ ዓመት ዘግይቷል።

ወረቀቱ፦ ብዙ ሰው የሚቀርበት ቦታ

ሥራ ከማግኘታችሁ በፊት ይህን ጀምሩ። ትምህርት ቤት ከወደዳችሁ በኋላ «ዲግሪህ ተረጋግጧል?» ብሎ ይጠይቃል። «ገና ነው» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ወረቀቱ ያለቀለት ሌላ ሰው ይወስደዋል።

መጀመሪያ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን እጃችሁ አስገቡ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) አይበቃም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ሳይጨርስ ኦሪጅናሉንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አያገኝም። ከፍላችሁ ከሆነ የክሊራንሱን ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ሬጅስትራር ሂዱ። በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራችሁ በአገልግሎት የተካችሁ ከሆነም የአገልግሎቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይሄ ብቻውን ሳምንታት ሊበላ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ክፍለ ሀገር ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ኦሪጅናሉን ስታገኙ እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት። እናት ወይም አባት በፍቅር አስለብጠው ሳሎን ሲሰቅሉት አይቻለሁ። የተለበጠ ወረቀት ላይ ማህተም አያርፍም፣ ፕላስቲኩን ሲያነሱትም ወረቀቱ አብሮ ይቀደዳል። በፎልደር ውስጥ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ማህተሞቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፦

1. የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። ዲግሪው እውነተኛ መሆኑን፣ ተቋሙም ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጣል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ከሆናችሁ የተማራችሁበት ካምፓስ፣ ፕሮግራምና ዓመት ዕውቅና እንደነበረው አስቀድማችሁ አጣሩ። ኮሌጁ ዕውቅና ኖሮት የእናንተ ቅርንጫፍ ካልነበረው እዚህ ላይ ይቆማል።
2. የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። የባለሥልጣኑን ማህተምና ፊርማ ያረጋግጣል።
3. አዲስ አበባ የሚገኘው የኢምሬትስ ኤምባሲ። የውጭ ጉዳያችንን ማህተም ያረጋግጣል።
4. የኢምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ይሄ የመጨረሻው ነው፣ የሚፈጸመውም በእነሱ ሥርዓት ነው። ለአንድ የትምህርት ማስረጃ 150 ድርሃም ያስከፍላል።

እያንዳንዱ ቢሮ የሚያየው ከእሱ በፊት ያለውን ማህተም ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ዘሎ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም። «ሁሉንም በአንድ ቀን አስጨርሳለሁ» ለሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን አትስጡ። በሐሰት ማህተም የተመለሰ ዲግሪ መጨረሻ ላይ ኢምሬትስ ውስጥ ይያዛል። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ደላላው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ብዙ ቀጣሪ ተጨማሪ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ይጠይቃል። የተማራችሁት በመደበኛ፣ በማታ ወይስ በርቀት መሆኑን የሚገልጽ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ በሄዳችሁበት ቀን አብራችሁ አስጽፉት። በርቀት የተገኘ ዲግሪ እዚያ ጥያቄ ስለሚበዛበት ነገሩን ለቀጣሪው ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉ።

አሁን ስም። ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ስማችሁን ፊደል በፊደል አወዳድሩ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ጸሐይ የምትባል ልጅ በአንዱ ወረቀት ላይ በ«ቲኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ልትገኝ ትችላለች። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የልደት ዓመት አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይሆናል። ለእኛ ቀላል ነገር ነው፤ ለኢምሬትስ ቪዛ ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ልዩነት ካገኛችሁ ማህተም ማስመታት ከመጀመራችሁ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የማስተካከያ ደብዳቤ ውሰዱ ወይም አዲሱን ፓስፖርት ስታወጡ ከዲግሪው ጋር እንዲገጥም አድርጉ። ማህተሙ ከተመታ በኋላ ማስተካከል እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ፣ በርዕስ ወረቀት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛውን ክፍል እንዳስተማራችሁ በሚገልጽ መልኩ አስጽፉ። «በመምህርነት አገልግሏል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ብዙ አይረዳም።

ከወንጀል ነጻ ማስረጃውን መጨረሻ ላይ አውጡት። ፌዴራል ፖሊስ አሻራ ሰጥታችሁ ታገኙታላችሁ። ብዙ ቀጣሪ ጥቂት ወራት ያለፈውን አይቀበልም፣ ስለዚህ ቀድሞ ማውጣት ሁለቴ መክፈል ነው።

አንድ ምክር ደግሞ በጤና በኩል። ኢምሬትስ ስትገቡ የደም ምርመራና የደረት ራጅ ግዴታ ነው። ኤችአይቪ ያለበት አመልካች አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፣ የሳንባ ነቀርሳ ምልክትም ነገሩን ያከብደዋል። ከሥራችሁ ከመልቀቃችሁ፣ ቤታችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት እዚሁ በግላችሁ ታዩ።

ማመልከት

ትምህርት ቤቶቹን የምታገኙት በመንግሥት ዝርዝር ነው። ዱባይ ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው ኬኤችዲኤ፣ አቡዳቢ ውስጥ ደግሞ አዴክ ነው። ሁለቱም የትምህርት ቤቶቹን ስምና የምዘና ውጤት በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የቅጥር ገጽ ላይ ቀጥታ አመልክቱ። ሊንክድኢንም ይሠራል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን «አስቸኳይ መምህራን ዱባይ» ግን በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ካላገኛችሁት እለፉት።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ይሆናል፣ አጭር የማሳያ ትምህርትም ሊጠይቋችሁ ይችላል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ትምህርት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። መብራትና ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ ኮንትራት የሚልክ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይደለም።

ኦፈሩ ሲመጣ

ሁለት ዓይነት ወረቀት ይመጣል። አንዱ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሌላው በሠራተኛ ሚኒስቴራቸው (ሞህሬ ይሉታል) ሥርዓት የሚወጣው መደበኛ የሥራ ኦፈር ነው፤ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ የግብይት ቁጥርም አለው። ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው። ኋላ የምትፈርሙት ኮንትራት ከዚህ ኦፈር ጋር መግጠም አለበት። የግብይት ቁጥሩን በሞህሬ ድረ ገጽ የመጠየቂያ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ማሠልጠኛው ፍሪ ዞን (የራሱ አስተዳደር ያለው ነጻ የንግድ ቀጠና) ውስጥ ከሆነ ኮንትራቱ የሚወጣው በፍሪ ዞኑ አስተዳደር ነው፣ እዚያው አጣሩ።

ደመወዙ ላይ ቆም በሉ። ለውጭ ዜጋ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው ያላችሁ። ጠቅላላው ቁጥር ሳይሆን መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው? የስንብት ክፍያ የሚሰላው ከመሠረታዊው ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን። በምሳሌ እንየው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ሁለቱም 5,000 ድርሃም አቀረቡ እንበል። በአንደኛው መሠረታዊው 2,000 ነው፣ ቀሪው አበል። በሌላው መሠረታዊው 3,500 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትለቁ የመጀመሪያው 4,200 ይሰጣችኋል፣ ሁለተኛው 7,350። ወር በወር ግን የምትቀበሉት እኩል ነበር።

ሌላው ትልቁ ነገር ቤት ነው። «መኖሪያ ይሰጣል» ሲል ብቻችሁን ነው ወይስ በጋራ? ካልሰጠ አበሉ ስንት ነው? ዱባይ ላይ ኪራይ ደመወዝ ይውጣል። ትዳር አጋራችሁን ወይም ልጅ ለመውሰድ ካሰባችሁ ደግሞ ስፖንሰር ለመሆን ደመወዛችሁ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ጋር መሆን አለበት። የሥራ ሰዓት፣ ክረምት ላይ ደመወዝ መከፈሉ፣ የትኬት ጉዳይ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተነገረ ቃል በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ቪዛው ሲላክ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት

ኦፈሩን ፈርማችሁ ስትልኩ ትምህርት ቤቱ የሥራ ፈቃዱን ያስፈቅዳል፣ ቀጥሎ የመግቢያ ፈቃድ ይመጣል። ሰነዱን ከፍታችሁ አራት ነገር እዩ። ስማችሁና የፓስፖርት ቁጥራችሁ ትክክል ነው? ስፖንሰር ተብሎ የተጻፈው ያነጋገራችሁት ትምህርት ቤት ነው? ሙያው መምህር ይላል ወይስ ሌላ? ዓይነቱስ የሥራ ነው ወይስ የጉብኝት?

በአራተኛው ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። «በቪዚት ግባ፣ እዚያ እንቀይርልሃለን» ከተባላችሁ እምቢ በሉ። ቪዛ መቀየር በራሱ የሚቻል ነገር ነው። ግን ሥራው ሳይጀመር ተቀይሮ ስለማለቁ ዋስትና የላችሁም። በቪዚት መሥራት ሕገ ወጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። ከተያዘ መጀመሪያ የሚክዳው እናንተን ነው። ደመወዝ ቢከለክላችሁ የምታሳዩት ኮንትራት የለም። ለመሄድ የተበደሩትን ብር እያሰቡ ዝም ብለው የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ እንዳትገቡ ነው ይህን ሁሉ የምለው።

የመግቢያ ፈቃዱን እውነተኛነት በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ድረ ገጽ (አይሲፒ ይባላል) በቁጥሩ አጣሩ። ዱባይ የወጣ ከሆነ በዱባይ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር። ኮንትራቱን፣ የመግቢያ ፈቃዱን፣ የተረጋገጠ ዲግሪያችሁንና ፓስፖርቱን ይዛችሁ የቀጥታ ቅጥር ፈቃድ ጠይቁ። ኮንትራቱ መጽደቅ አለበት፤ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድንም ይጠየቃል። ይህን ሳይጨርሱ ትኬት መቁረጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ቦሌ ላይ በሥራ ቪዛ የሚወጣ ሰው ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። በመግቢያ ፈቃዱ ላይ ያለውን ጊዜም ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ከወጣ በኋላ ለመግባት ያላችሁ 60 ቀን ነው፣ ሚኒስቴሩ ጋር የምታጠፉት ጊዜ ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

እዚያ ስትደርሱ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጤና ምርመራ፣ ለኢምሬትስ መታወቂያ አሻራና ፎቶ፣ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ቪዛ ቀርቷል፤ መታወቂያው ራሱ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ነው። ወጪው ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው። ፓስፖርታችሁን ለጉዳዩ ሊወስዱት ይችላሉ፣ ሲያልቅ ግን ይመለስ። ቀጣሪ የሠራተኛን ሰነድ ይዞ ማስቀረት አይችልም።

ትምህርት ቤቱ ስማችሁን በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ አስመዝግቦ የመምህርነት ፈቃድ ማግኘት አለበት። «ተመዘገብኩ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የጤና መድን ካርዳችሁንም ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሁሉም ኤምሬቶች ቀጣሪው የመግዛት ግዴታ አለበት። የሥራ አጥነት መድን ደግሞ የራሳችሁ ግዴታ ነው። መሠረታዊ ደመወዛችሁ 16,000 ድርሃምና ከዚያ በታች ከሆነ በወር 5 ድርሃም ነው፣ ችላ ካላችሁት ቅጣት ይመጣል።

የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትታችሁ ወደ አገር ለመመለስ የ14 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ትሰጣላችሁ። እዚያው አገር ወደ ሌላ ቀጣሪ የምትዛወሩ ከሆነ አንድ ወር ነው፣ አዲሱ ቀጣሪም ለቀድሞው የምልመላ ወጪውን ይተካል። ዝም ብሎ መጥፋት ግን «ጠፍቷል» ተብሎ ያስከስሳል፤ ቀጥሎ ያለውን ቪዛም ያበላሻል።

ደመወዝ በባንክ ይግባ፤ በጥሬ ብር «ነገ እንሰጥሃለን» ሲሉ አትቀበሉ። ከዘገየ ወይም ከተቆረጠ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል ጻፉ፣ መልስ ከጠፋ ሞህሬ ጋር በመተግበሪያው ወይም በ600590000 አመልክቱ። ኦፈሩን፣ ኮንትራቱን፣ የመግቢያ ፈቃዱንና የባንክ መግለጫውን ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ለቤተሰብ ላኩ። ነገሩ ከከረረ አቡዳቢ የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ዱባይ ደግሞ ቆንስላ ጄኔራል አለ። እዚያ ስትሄዱ የጸደቀውን ኮንትራት ይዛችሁ ሂዱ።